ኑድልሱንና ሾርባውን ለያይተሽ ሥሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ከኮሪያ ሱፐርማርኬት ሶባ የሚባለውን ደረቅ የጃፓን ኑድልስ ገዝተሽ፣ ሾርባው ውስጥ ጨምረሽ ስትቀቅዪው ተልፈሰፈሰብሽ። ሾርባውም ደፈረሰ፣ ጣዕምም አልነበረውም። ስንዴ የማይስማማት ልጅሽ ትብላው አትብላው፣ ለጾምስ ይሆናል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ቶኪዮ ስማር ማታ ማታ አንድ ሶባ ቤት ጓዳ ውስጥ እሠራ ነበርና የማውቀውን ልንገርሽ።

ሶባ እንደ እንዶሚ ከሾርባው ጋር አንድ ላይ አይቀቀልም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ሶባ የሚሠራበት ባክዊት የሚባለው እህል ከስንዴ ወገን አይደለም፤ የሥጋ ዘመዱ የኛው መቅመቆ ነው። ሊጥን አጣብቆ የሚይዘው ግሉተን ስለሌለው ሲቀቀል ስታርቹን ቶሎ ይለቃል። ያ ሁሉ ስታርች ሾርባሽ ውስጥ ከገባ፣ የፈለገ ብትደክሚበት አለቀለት።

ለአንድ ሰው 100 ግራም ደረቅ ሶባና ቢያንስ 1 ሊትር ውኃ ያዢ። ለሁለት ሰው ከሆነ ትልቁን ድስት አውጪ። ጨውም ዘይትም አይገባም። ውኃው ሲንተከተክ በተን አድርገሽ ጨምሪ፣ አንዴ ቀስ ብለሽ አማስዪ፣ ከዚያ ተዪው። ደቂቃውን ፓኬቱ ላይ እዪ፤ ብዙዎቹ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይላሉ። ሊገነፍል ሲል እሳቱን ቀንሺ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው ሥራ መጣ። አጥልለሽ ወዲያው በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ እጠቢው። ውኃ ማሳለፍ ብቻ አይበቃም፤ በሁለት እጅሽ ቀስ እያልሽ እሺው። መጀመሪያ ይሙለጨለጫል፣ የሚወርደው ውኃም ነጣ ያለ ነው። ውኃው ጠርቶ፣ ኑድልሱ ጣትሽ ላይ ሻከር ሲልሽ ያን ጊዜ ታጥቧል። የምሠራበት ቤት ሽማግሌ ባለቤት ማጥለያው ውስጥ ሁለት ጣታቸውን ሰደድ አድርገው ይፈትሹ ነበር። ትንሽ እንኳ ከተሙለጨለጨ ምንም ሳይናገሩ ቧንቧውን መልሰው ይከፍቱታል።

ታጥቦ የቀዘቀዘው ሶባ እንዳለ ሾርባ ውስጥ ከገባ ሾርባውን ያበርደዋል። ስለዚህ በወንፊት አድርገሽ የፈላ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ10 ሰከንድ ያህል ንከሪና በደንብ አራግፊ። ቶኪዮ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ቆመሽ የምትበዪባቸው ሶባ ቤቶች አሉ። ሠራተኛው ቀድሞ የተቀቀለውን ረጅም እጀታ ባለው ወንፊት ነከር፣ ሁለቴ አራገፍ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልበጥ፣ ሾርባ ቸለስ ያደርግበታል። ባቡርሽ ሳያመልጥሽ በልተሽ ትወጫለሽ። ቤትም የሚሠራው እንደዚያው ነው።

ወደ ሾርባው ልምጣ። ጣዕም ያጣው ከባሕር አረምና ከደረቀ ዓሣ የሚወጣው፣ ዳሺ የሚባለው መረቅ ስለሌለው ነው፤ ሶያ ሶስ በውኃ ብቻውን ሾርባ አይሆንም። ለሁለት ሰው 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 10 ግራም ኮምቡ፣ ማለትም የደረቀውን የባሕር አረም፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊ። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ነገር ሻጋታ አይደለም፤ ጣዕሙ እሱ ላይ ነውና እንዳታጥቢው። ከዚያ በለዘብታ እሳት ጣጂው። ድስቱ ዳር ዳር ላይ ትንንሽ አረፋ ሲታይ ኮምቡውን አውጪ። ከፈላ ይዝለገለጋል፣ መረር ያለ ጣዕምም ያመጣል። አሁን ውኃውን አፍልተሽ እሳቱን አጥፊና 25 ግራም ካትሱኦቡሺ ጨምሪ። ይህ ከቱና ወገን የሆነ ዓሣ ተጨሶ፣ ደርቆ፣ በስሱ የተፋቀ ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ወደ ታች ሲሰጥም በንጹሕ ሻሽ አጥልዪ። ጨምቄ ላውጣው እንዳትዪ፣ ይደፈርሳል።

ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም። ኮምቡ ውስጥ ያለውን ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገር፣ ግሉታሜትን፣ ኢኬዳ ኪኩናኤ የተባለው ጃፓናዊ ኬሚስት በ1908 እ.ኤ.አ. ለይቶ አውጥቶታል። የደረቀው ዓሣ ደግሞ ኢኖሲኔት የሚባል ሌላ ጣዕም ሰጪ አለው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚሰጡት ጣዕም ለየብቻ ከሚሰጡት በጣም ይበልጣል። አንዴ አብረው፣ አንዴ ለየብቻ አፍልተሽ ብትቀምሺ ልዩነቱ ወዲያው ይገባሻል።

በሌላ ትንሽ ድስት 4 የሾርባ ማንኪያ ሚሪን፣ ጣፋጩን የጃፓን የሩዝ ወይን፣ አፍዪ፤ 14 በመቶ ገደማ አልኮል ስላለው መትነን አለበት። 4 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስና 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምረሽ ዳሺው ላይ አድርጊው። አልኮል የማይገባበት ቤት ከሆነ ሚሪኑን ትተሽ ስኳሩን ጨመር አድርጊ፤ እንደዚያ አይነት ባይሆንም ይበላል። ሶያው ከገባ በኋላ አሙቂው እንጂ አታንተክትኪው። ቀለሙ ቢጠቁርብሽ አትደንግጪ፣ የቶኪዮ ሾርባ እንደዚያ ነው። ሾርባቸው ቀለሙ ፈዘዝ ያለው የኦሳካ ሰዎች ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

ለጾም ካትሱኦቡሺውን በደረቅ ሺታኬ እንጉዳይ ተኪው። 4 ወይም 5 ፍሬ ከኮምቡው ጋር ፍሪጅ ውስጥ አሳድረሽ አጥልዪ። የጃፓን ቡድሂስት ገዳማት ምግብ ውስጥም ሥጋና ዓሣ ስለማይገባ ዳሺውን የሚያወጡት በእነዚህ ነው። እንጉዳዩን ከትፈሽ ላዩ ላይ አድርጊበት። አረንጓዴ ሽንኩርትና ሺቺሚ የሚባለው የበርበሬ ቅመም ከተነሰነሰበት ሌላ አያስፈልግም። እኔ ሚጥሚጣም ነስንሼበታለሁ፤ ጃፓኖቹ እንዳይሰሙ እንጂ ይሄዳል።

የልጅሽ ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው ሶባ አብዛኛው ስንዴ ተቀላቅሎበታል። ኒሃቺ የሚባለው ታዋቂው እንኳ 80 በመቶ ባክዊት፣ 20 በመቶ ስንዴ ነው። ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የስንዴ ዱቄት ከሆነ፣ የሚበዛው ስንዴው ነው ማለት ነው። ለእሷ ጁዋሪ የሚለውን፣ 100 በመቶ ባክዊት የሆነውን ፈልጊ። ቶሎ ስለሚሰባበር ስታጥቢው እጅሽ ይለዝብ። ሶያ ሶስም አብዛኛው ስንዴ አለበት፤ ታማሪ ከሚባለው የሶያ ሶስ ዓይነት ከግሉተን ነጻ የሚለውን ግዢላት። ምግብ ቤት ከሆነ ግን ሶባውን ኡዶን የሚባለውን የስንዴ ኑድልስ በቀቀሉበት ውኃ ሊቀቅሉት ይችላሉ፣ ጠይቂ። ደግሞ ባክዊት ራሱ ከባድ አለርጂ የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉ። በልታው የማታውቅ ከሆነ ሳህን ሙሉ አትስጫት።

የቀቀልሽበትን ውኃ አትድፊው። የጁዋሪው በተለይ እንደ ቀጠን ያለ አጥሚት ነው። ሶባ ቤት ውስጥ ከተረፈው ማጥቀሻ ሶስ ጋር ቀላቅለው ይጠጡታል።

የገዛሽውን ፓኬት ጀርባ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ጃፓንኛውን አንብቤ ስንዴ እንዳለበትና እንደሌለበት እነግርሻለሁ።