«ሽሽ» ስለተባለው ዮሴፍና ስለ ሽጉጥ ፈቃድ

ጥያቄ፦

መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ሌሊት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። አምና አንድ ሰው ቢላ አውጥቶ ካዝናውን አስከፈተኝ። ሰጥቼው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ላወጣ እያሰብኩ ነው። ባለቤቴ «ልጆች አሉን» ብላ እምቢ አለች። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ «ቦታህን አትልቀቅ» ስለሚሉት ሕግ ሁልጊዜ ይከራከራሉ። አንዱ «ለእንደራሴህ ደውለህ ደግፍ» ይለኛል። ሽጉጥ መያዝ ኃጢአት ነው? ሕጉን መደገፍስ? ይዤው ቤተ ክርስቲያን ብመጣስ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ እንኳን በሕይወት ተረፍክ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሰጥቼው ሄደ» የምትለው ላይ ትንሽ እፍረት ያለበት መሰለኝ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በለኝ። ካልተሳሳትኩ ግን የጥያቄህ ሥር እዚያ ጋ ነው። ሽጉጡ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፤ ጠበቃ ግን አይደለሁም። ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ገዛ ቤቱ ሳለ የመሸሽ ግዴታ የለበትም። ከቤት ውጭ ግን በደህና ማምለጥ ከቻለ አስቀድሞ ማምለጥ አለበት። በፈረንጆቹ 2024 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የበለጠ አጠበቀው። አንድ ሰው ሚኒያፖሊስ ባቡር ጣቢያ ላይ በቢላ ሲያስፈራሩት ቆንጨራ መዘዘ። ፍርድ ቤቱም ማምለጥ እየተቻለ መሣሪያ መዝዞ ማስፈራራት ራሱ አይፈቀድም አለ። ብዙ ሰው ተቆጣ። ባልደረቦችህ የሚሉት ረቂቅ ይህን የመሸሽ ግዴታ የሚያነሳ ነው። በፈረንጆቹ 2012 በምክር ቤት አልፎ ገዥው ማርክ ዴይተን ሻሩት። ያኔ የፖሊስ ማኅበራትም ተቃውመውት ነበር። በ2025 እንደገና መጥቶ 67 ደገፉት፤ 65 ተቃወሙት። ለማለፍ የሚያስፈልገው 68 ነበርና በአንድ ድምፅ ወደቀ። ስለዚህ ክርክሩ ገና ብዙ ይቆያል።

አሁን ወደ መጽሐፍ እንምጣ። ኦሪት ይህን ጉዳይ አታውቀውም እንዳትል። ዘጸአት 22 ላይ ሌባ ሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ ቢሞት በመታው ላይ የደም ዕዳ የለም ይላል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን የደም ዕዳ አለበት። ልዩነቱን ልብ በል። በጨለማ የመጣው ለንብረት ይሁን ለነፍስ አይታወቅም። በቀን ግን ታየዋለህ፤ ትጮሃለህ፤ ሰው ይደርስልሃል። ስለዚህ የሌባውም ደም ይጠየቃል። ሌባም ቢሆን ማለት ነው።

ጌታም በሉቃስ 22 ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሸጦ ይግዛ ብሏል፤ ይህን ጥቅስ ባልደረባህ ሳይጠቅስልህ አልቀረም። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ አለን ሲሉት «ይበቃል» አላቸው። ነገር ግን ገጹን ሳትገልጥ ቀጥለህ አንብብ። ከሁለቱ አንዱ በዚያችው ሌሊት ተመዘዘ። የማልኮስ ጆሮ ተቆረጠ። ጌታ ጆሮውን ፈወሰ፤ ጴጥሮስንም ሰይፍህን ወደ ሰገባው መልስ አለው። ያ ሰይፍ ሌላ ሥራ ሲሠራ አላየንም።

አሁን ዋናው ነገሬ። የሕጉ ክርክር ሁሉ የሚዞረው «መሸሽ» በሚል አንድ ቃል ላይ ነው። እኛም ያደግንበት ባህል መሸሽን አይወድም። «ፈሪ ለናቱ» ሲባል ስድብ ነው። እኔ ግን እናቱን ጠይቋት እላለሁ። ማቴዎስ 2 ላይ መልአኩ ለዮሴፍ ምን አለው? «ተነሣ፥ ሕፃኑንና እናቱንም ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ።» ቃሉ ራሱ ነው፦ ሽሽ! በአንድ ሌሊት 185 ሺህ የአሦር ሠራዊት የመታ መልአክ እንዳለ በነገሥት ካልዕ እናነባለን። ለሄሮድስ ጭፍሮች አንዱ ይበቃ ነበር። የተመረጠው ግን አህያና የሌሊት መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ይህን ሽሽት አታፍርበትም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አርባ ቀን ሙሉ ታስበዋለች። በጽጌ ማኅሌት ሌሊቱን ቆመን የምንዘምረው ስለ አንድ ስደት ነው። ጳውሎስም ከደማስቆ በቅርጫት ወርዶ አምልጧል፤ ፈሪ ያለው የለም።

ስለዚህ ያን ሌሊት ካዝናውን መክፈትህ የሚያሳፍር አይደለም። ሰውየው ያገኘው ብር ነው። ነፍሱንም ነፍስህንም አትርፈሃል።

ሆኖም ሁልጊዜ መሸሻ አለ አልልህም። ልጅህን ይዞ በር የዘጋብህ ሰው ቢኖር፣ ልጅህን ማዳን ግዴታህ ነው። በዚያ ሰዓት የሚሆነውን እንደ ነፍሰ ገዳይ ሥራ የሚቆጥርብህ አባት አይኖርም። ግን ቅዱስ ባስልዮስን ስማ። በጦርነት የገደሉትን አባቶች እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቆጠሯቸውም ካለ በኋላ፣ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቁርባን ቢቆዩ መልካም ነው ብሎ ይመክራል። ሳይፈርድባቸው ንስሐ ያስገባቸዋል። ሕግ «ነፃ ነህ» ሲል ፋይሉ ይዘጋል። ንስሐ አባትህ ጋ ግን ያኔ ገና ይከፈታል።

አባ ሙሴ ጸሊምን ታስታውሰዋለህ? ሰኔ 24 የምናከብረውን። ድሮ ሽፍታ ነበር፤ ጉልበቱም ሽፍታ የነበረ ሰው ጉልበት ነው። አራት ሌቦች በዓቱን ሰብረው ገቡ። አራቱንም አስሮ፣ እንደ ጆንያ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን አመጣቸው። «ማንንም መጉዳት አልተፈቀደልኝም፤ ምን ላድርጋቸው?» አለ። ሌቦቹ ማን መሆኑን ሲያውቁ ንስሐ ገቡ። (ይህን ታሪክ ለሕፃናት ስናገር ሁልጊዜ «አራቱንም?» ብለው ይስቃሉ።) እሱ መነኩሴ ነው፤ አንተ የልጆች አባት ነህ። ያንኑ አድርግ አልልህም። መከላከልና መግደል አንድ አለመሆናቸውን እንድታይ ነው።

ሕጉን መደገፍ ኃጢአት አይደለም። መቃወምም ጽድቅ አይደለም። ከምእመናን ሁለቱም ወገን አለ፤ ከመቅደሱ ሆኖ ለዚህ ደውሉ የሚል መምህር አትስማ። የእኔን ሐሳብ ግን አልደብቅህም፤ አልወደውም። የሚያስጨንቀኝ ሕጉ «ምክንያታዊ ፍርሃት» የሚለው ነገር ነው። ማን ማንን ይፈራል? በፈረንጆቹ 2012 ፍሎሪዳ ውስጥ የ17 ዓመቱ ትሬይቮን ማርቲን ከሱቅ ሲመለስ ተገደለ። ከረሜላና የፍራፍሬ መጠጥ ነበር የያዘው። ተኳሹ በ2013 ነፃ ወጣ። ጠበቆቹ በዚያ ግዛት ባለው ተመሳሳይ ሕግ ላይ አልተመረኮዙም፤ ዳኛዋ ለጁሪው (ከሕዝብ ለተመረጡት ፈራጆች) በሰጠችው መመሪያ ውስጥ ግን «መሸሽ አይጠበቅበትም» የሚለው ነበረ። ልጆችህ ነገ አሥራ ሰባት ይሞላቸዋል። ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሰው ማታ ይወጣሉ። ሕጉ ላንተ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ እነሱን አይቶ ለሚደነግጠውም ነው።

ሽጉጡን በራሱ ኃጢአት ነው ብዬ አላስርህም። ግን ከባለቤትህ ጋር ሳትስማሙ አታውጣው። «ልጆች አሉን» ያለችው ፍርሃት አይደለም፤ ጥያቄ ነው። የት ይቀመጣል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ጥይቱስ? መልስ ሳይኖርህ ፈቃዱን ወደሚሰጠው የሸሪፍ ቢሮ አትሂድ። ንስሐ አባታችሁን ሁለታችሁም አብራችሁ አነጋግሩ። አሠሪህንም ሌሊት ሁለት ሰው እንዲመድብ ጠይቀው። ይህ ከሽጉጡ የሚቀል ይመስለኛል፤ ካዝናው ውስጥም ብዙ ብር ባያሳድሩ ጥሩ ነው።

ይዘኸው ስለ መምጣት ግን መልሴ አጭር ነው፤ አታምጣው። በሚኒሶታ ሕግ መሣሪያ የሚከለክል ድርጅት የሚሰቅለው ማስታወቂያ ፊደሉ ኤሪያል፣ ቁመቱ ኢንች ተኩል፣ ሰሌዳው ቢያንስ 187 ካሬ ኢንች እንዲሆን ተደንግጓል። ፊደል እስከ መምረጥ! የኢዳይና ከተማ ሉተራኖች ግን ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ጋር ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ። አብያተ ክርስቲያናት በገዛ አነጋገራቸው እንዲከለክሉ፣ መኪና ማቆሚያውንም ጨምሮ ተፈቀደ። የእናንተ ሰበካ ጉባኤ ሰሌዳ ሰቅሎ ይሁን አይሁን ጠይቅ። ባይሰቅልም እሑድ ቤት ቆልፈህበት ና። መኪና ውስጥም አይደለም፤ ቤት።