ስካነሩ ዘግይቶ ጮኸ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የእንስሳት መጠለያ፣ እኛ እዚህ ሼልተር የምንለው ቤት፣ ልምምድ ጀምራለች። «ጋሼ፣ ውሻው ካጉረመረመብኝ ባለቤቱ የሚታወቅበት ቺፕ እንዳለው ስካን ማድረጉን ለነገ ባሳድረው ምን አለበት?» አለችኝ። አጭር መልስ ሰጥቼ ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእሷም፣ ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ ልጆችም ልጽፍ ተቀመጥኩ።

አገር ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። እዚህ መጥቼ የሁለት ዓመቱን የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻን ትምህርት ጨረስኩ፤ 170 ጥያቄ ያለውን ብሔራዊ ፈተና አልፌ ላይሰንሴን ያዝኩ። ውሻ ደጅ በሚያድርበት አገር ላደገ ሰው፣ ለውሻ ብርድ ልብስ ማንጠፍ መጀመሪያ ግር ይለዋል። አባቴ ግን ቦራ የሚባለው በሬው የታመመ ቀን እህል አይቀምስም ነበር። የእንስሳ ፍቅር እዚህ አልተማርኩም።

እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ነው። አንድ አርብ ማታ፣ ልንዘጋ ስንል፣ አንዲት ቡናማ አሮጊት ውሻ አመጡ። አንገቷ ላይ ምንም የለም። ጥግ ይዛ ታጉረመርማለች። ስካነሩን በትከሻዎቿ መሀል አንዴ አሳለፍኩት። ዝም አለ። ማይክሮቺፕ፣ ስካነሩ የሚያነበውን የውሻውን ቁጥር የያዘው፣ የሚገባው እዚያ ቆዳ ሥር ነው፤ የሩዝ ፍሬ ያክላል። ግን ሁሌ ባለበት አይቆይም። ወደ ትከሻ፣ ወደ ደረት፣ ወደ ክርን የሚንሸራተት አለ። ይህን ተምሬዋለሁ። ካርዷ ላይ «ቺፕ የለም» ብዬ ጻፍኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በቨርጂኒያ ሕግ ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ ቢያንስ 5 ቀን ይቆያል። ባለቤቱን የሚያመለክት ነገር ከተገኘበት ሌላ 5 ቀን ይጨመርለታል። ለእሷ አልተጨመረላትም። ቤቱ ሞልቷል፤ እሷ አርጅታለች፤ ሰው አታስጠጋም። ሕይወቷን ከሚያጠፋው ከመጨረሻው መርፌ በፊት እንደገና ስካን መደረግ ነበረባት። ባልደረባዬ የእኔን ጽሑፍ አምኖ አለፈው። መርፌው ሲወጋ እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሆስፒታል ተኝተው ከርመዋል። ውሻዋ ከጎረቤት ቤት ነው ያመለጠችው። እጃቸው ላይ 15 አሃዝ የተጻፈበት ወረቀት ይዘዋል። ምንም ሳልናገር ወደ ማቀዝቀዣው ሄድኩ። ስካነሩን ሰውነቷ ላይ በዝግታ አዞርኩት። ግራ ክርኗ ጋ ሲደርስ ጮኸ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁት። ያው ነው።

ሰውዬው አልተቆጡኝም። «በስሟ ሲጠሯት ትመጣለች። ስሟን የሚያውቅ ስላጣች ነው የፈራችው» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን ሥራው ላይ ስጥል ኖርኩ። በዚያ ማታ ለዚያ ሁሉ እንስሳ ሁለት ብቻ ነበርን፤ ይህም እውነት ነው። ግን ሙሉ ሰውነቷን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ስለ ጓንትና ስለ ክትባት ሌላ ሰው ይነግራችኋል። እኔ የማወራው ስለ ካርዱ ነው። ውሻው ካስፈራሽ ለነገ አሳድሪው፤ ችግር የለውም። ብቻ «አልታየም» ብለሽ ጻፊ። «የለም» ብለሽ አትጻፊ። ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያምነው ያንን ቃል ነው። ሲገባ፣ ሲረጋጋ፣ አሳዳጊ ሲወስደው፣ ከመርፌው በፊትም፤ ሁልጊዜ እንደገና፣ ከአንገት እስከ ክርን፣ በሁለቱም ጎን።

የዛሬ ልጆች ቡችላ አቅፋችሁ ፎቶ መነሣት ትወዳላችሁ፤ ካርድ መሙላት ግን ይሰለቻችኋል። ይህን ስል የምትከፉ አላችሁ። በአንድ ነገር ግን ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ሲከብዳችሁ ትናገራላችሁ። እኔ ያቺን ውሻ ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እንስሳው ፊት አታልቅሱ እላለሁ። ደግሞ ጨርሶ የማያለቅስ ልጅ ሳይ እሰጋለሁ።

ልጄ፣ ያ ውሻ ነገ ጠዋት ሲረጋጋልሽ ክርኑ ድረስ ውረጂና ደውይልኝ። በዚህኛው ቶሎ አልዘጋውም።