ሦስት መሰላል ማለት «ክፈት»

ባለፈው እሑድ ለገጣፎ፣ እኛ ቤት፣ የጎረቤት ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። ሥራ ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነው። «ጋሼ፣ የማሽን መመሪያ ጻፊ ተብዬ ጽሑፉን በአስኪዶክ ጨርሻለሁ። ወደሚታተም ፒዲኤፍ በምን ልቀይረው?» አለችኝ። አስኪዶክ በተራ ጽሑፍ ላይ ቀላል ምልክት እየጨመሩ የሚጻፍበት ዘዴ ነው። ቡናው እስኪፈላ የሚመለስ ጥያቄ መስሏት ነበር። እኔ ግን የቆየ ነገር ተቀሰቀሰብኝና ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ይህን የምጽፈው ለእሷም ለእኩዮቿም ነው።

በ2001 ዓ.ም. ገላን ላለ አንድ ፋብሪካ የቦይለር መመሪያ በአማርኛ እንዳዘጋጅ ሥራ ተሰጠኝ። ሌላው ሁሉ በዎርድ ሲሠራ እኔ ዘመናዊ ነኝ ባይ ስለነበርኩ በዶክቡክ ካልሆነ አልኩ። ዶክቡክ «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው» እያልክ ቃሉን በኤክስኤምኤል ምልክት እየለየህ የምትጽፍበት ነው፤ መልኩን ሌላ ፋይል ይወስነዋል። ነገሩ ዛሬም ደስ ይለኛል። ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይርልኝ አፓቼ ፎፕ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነበር።

ለጽሑፉ የግዕዝ ፎንት መደብኩ፣ ለርዕሱም መደብኩ። ዶክቡክ ግን ሦስተኛ ፎንት አለው፤ እንደ ኮድ ለሚጻፍ ነገር የሚሆን። ቫልቮቹ ላይ የተለጠፉትን ቃላት በሙሉ በዚያ ምልክት ነበር የለየኋቸው። እሱን ስላልነካሁት ኩሪየር ሆኖ ቀረ፤ ኩሪየር ደግሞ ግዕዝ የለውም። ፎፕ ፊደሉን ፎንቱ ውስጥ ሲያጣ በምትኩ # ያትማል፤ ካርድ ስንሞላ መጨረሻ ላይ የምንጫናትን መሰላል። ፊደላችን ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደሎች በኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጣቸው መዝገብ፣ ከገባ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ነበርና በፎንት እጦት ማሳበብም አልችልም።

ፎፕን የማዝበት ጥቁሩ መስኮት ላይ ፊደል እንደጠፋ ማስጠንቀቂያው ወርዷል። አይቼዋለሁም። «የተለመደው ጩኸቱ ነው» ብዬ ዘጋሁት። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ገጾች ገለጥ ገለጥ አደረግኩ፤ መግቢያ ነው፣ ቫልቭ የሚባል የለበትም። 200 ቅጂ ይታተም ብዬ ላክሁ።

መመሪያው ከተሰጣቸው በሦስተኛው ሳምንት ለሥልጠና ሄድኩ። ክረምት ነበር፤ የገላን ጭቃ ደግሞ ያው ጥቁር አፈር ነው፣ አንድ እግር ጫማዬን ሁለት ጊዜ መልሶ ወስዶብኛል። ኦፕሬተሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መመሪያውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው፣ «ኢንጂነር፣ ኮዷን ደርሼባታለሁ» አሉኝ። «ሦስት መሰላል ክፈት ነው። ሁለት መሰላል ዝጋ።» ቆጠርኩት። እውነታቸውን ነው፤ አንድ ፊደል አንድ መሰላል። ሆን ተብሎ የተደረገ መስሏቸው፣ ቅር ሳይላቸው፣ ቁጭ ብለው ፈትተውታል። ከዚያ ገጽ ገለጡና፣ «እዚህች ጋ ብቻ ነው የተምታታብኝ። ሁለት ነው፤ ግን ከዘጋሁት ውኃው በየት ይገባል?» አሉ። የጠፋው ቃል «ሙላ» ነበር። እሳት እየነደደበት ውኃ ያጣ ቦይለር ምን እንደሚያደርግ የሠራበት ያውቀዋል።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው፤ ስህተት ማን የማይሠራ አለ። ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቁኝ ግን «ማተሚያ ቤቱ ነው ያበላሸው» አልኩ። የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ገንዘቡ ተያዘበት፣ በራሱ ወረቀትና ቀለም እንደገና አተመ። እኔ ቤቴ ሆኜ የፎንቱን አንዲት መስመር አስተካክዬ አዲሱን ፒዲኤፍ በፍላሽ ሰጠሁት። «ፋይሉ ተቀይሯል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልተቀየረም» አልኩት።

በምን ልቀይረው ላልሽው፣ አስኪዶክን የሚቀይረው ፕሮግራም፣ አስኪዶክተር፣ አስኪዶክተር ፒዲኤፍ የሚባል ተጨማሪ አለው፤ ግዕዝ ያለው ፎንት ግን ቴሙ፣ መልኩን የሚወስነው ፋይል፣ ውስጥ አንቺ ነሽ የምታስገቢው፣ ለኮዱም ጭምር። አጭር ሰነድ ከሆነ በአስኪዶክተር ወደ ዶክቡክ ካወጣሽው በኋላ ፓንዶክ የሚባለው መቀየሪያ ዚላቴክ ከሚባለው ገጽ አቀናባሪ ጋር ይበቃል። የድረ ገጽ መልክ የሚወሰንበትን ሲኤስኤስ ለሚችል ዊዚፕሪንት አለ፣ በነጻ ነው። የትኛውም ይሁን፣ ለውጥ የለውም። ለነገሩ ለውጥ አለው፤ ዚላቴክም የኮዱን ፎንት ለብቻው ነው የሚያስመድበው፣ ስትረሺው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ ቦታ ትቶ ማስጠንቀቂያ ብቻ ጽፎ ያልፋል። ባዶውን እኚያ ኦፕሬተር ምን ብለው ይቆጥሩታል? ስለዚህ ምልክቶችሽን በሙሉ፣ አንዱንም ሳታስቀሪ፣ በአማርኛ የሞላሽበት አንድ የሙከራ ገጽ ሥሪና በወረቀት አትመሽ እይው።

የዛሬ ልጆች የመሣሪያ ስም መሰብሰብ ትወዳላችሁ። ቻትጂፒቲ የሰጣችሁን ትእዛዝ ትለጥፋላችሁ፣ ፒዲኤፉ ከወጣ አለቀ፤ በመሐል የወረደውን ቢጫ ማስጠንቀቂያ የሚያነብ የለም። ይህን ስል እኔም እንዳላነበብኩት ረስቼው አይደለም።

ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል ሳልፍ ማተሚያ ቤቱ የነበረበት ረድፍ ፈርሷል፤ መንገዱ ሰፍቶበታል። ማዶ ያለችው ሱቅ ገብቼ ጠየቅሁ። ባለሱቋ አዲስ ነች፣ ሰውዬውን አታውቀውም።