የኤሌክትሪክ ጊታር ቃና፦ ስለ ዕቃ ምርጫና ስለ ኢኳላይዘር ጥያቄና መልስ

ጥያቄው ለሁሉም ክፍት ነው። ተደጋግመው የመጡትን አንድ ላይ አድርጌ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የተሻለ ጊታር ልግዛ ወይስ የተሻለ አምፕ (ድምፅ ማጉያ)?

መልስ፦ አምፕ ግዛ፤ ከአምፑም አስቀድመህ ስፒከሩን እየው። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ በኃይል ይቀንሳል። ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሚሻከር ድምፅ) ጆሮ ሳይወጋ ወፈር ብሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። የዲስቶርሽን ፔዳሉን (በእግር የሚበራውን መሣሪያ) በቀጥታ ሚክሰር ላይ ብትሰካው እንደ ተርብ ይነዝዛል፤ ብዙዎች ያኔ ፔዳሉን ይጥላሉ፣ የጎደለው ግን ስፒከሩ ነው። ወደ ሚክሰር መግባት ግድ ከሆነ በመሀል የካቢኔት ሲሙሌተር (የስፒከሩን ድምፅ የሚያስመስል መሣሪያ) አስገባ። በጊታሩ በኩል አንገቱ ያልተጣመመ፣ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ ያለው ብረት) ያልተበላ፣ መቃኛው የማይለቅ ከሆነ ይበቃል። ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔት) ወደፊት ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ሲንግል ኮይል ወይስ ሃምበከር? የእኔ ሲንግል ኮይል በጣም ስለታም ሆኖብኛል።

መልስ፦ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ፒክአፕ) ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ከመብራት መስመር የ50 ወይም የ60 ሄርዝ ‹ኡም› የሚል ድምፅ ይሰበስባል። በሃምበከር ውስጥ ሁለቱ ጥቅል ሽቦዎችም ማግኔቶቻቸውም በተቃራኒ ስለተቀመጡ ያ ‹ኡምታ› እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ከፍ ያለ ጌይን (ብዙ ዲስቶርሽን) የምትጠቀም ከሆነ ሃምበከር ያሳርፍሃል።

ስለታምነቱን በተመለከተ ግን ፒክአፑን ከመቀየርህ በፊት ሁለት ነገር ፈትሽ። አንደኛ፣ የቮልዩሙን ፖት (በማዞሪያው ሥር ያለውን ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ተመልከት፤ ለሲንግል ኮይል የተለመደው 250 ኪሎኦም፣ ለሃምበከር 500 ኪሎኦም ነው። ሲንግል ኮይል በ500 ከተሠራ ይወጋል፣ ሃምበከር በ250 ከተሠራ ይታፈናል። ሁለተኛ፣ የፒክአፑን ከፍታ ለካ። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫንና ከክሩ ሥር እስከ ማግኔቱ አናት ያለውን ክፍተት እይ፤ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ወፍራሙ ክር እየዋዠቀ ሁለት ኖታ የሚያወጣ ይመስላል፣ የቱንም ያህል ብትቃኘው አይስተካከልም። ብሎኑን በሩብ ዙር እያወረድክ አዳምጥ፤ ለውጡ በሩብ ዙር ይሰማሃል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ድምፄ በጣም ያምራል። ከባንድ ጋር ስጫወት ግን ጊታሬ የት እንደገባ አይታወቅም። ቮልዩም ብጨምርም ያው ነው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ጊታሪስት የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ጆሯችን ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ቤዙንና ትሬብሉን አሳንሶ ይሰማል። ቤት ውስጥ ሁለቱን ከፍ አድርገህ ሚድሉን የምትቀንሰው ለዚህ ነው፣ እዚያ ደግሞ ያምራል። መድረክ ላይ ድምፁ ሲጨምር ቤዙ ከቤዝ ጊታሩና ከትልቁ ከበሮ ጋር ይጋጫል፣ ትሬብሉ በሲምባሉ ይሸፈናል። ለጊታር የሚቀረው ቦታ መሀሉ ነው፤ አንተ ደግሞ እሱን ቀንሰኸዋል።

ለምሳሌ ቦስ ጂኢ-7 የተባለው ኢኳላይዘር (ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ ፔዳል) ቢኖርህ ሰባቱ ተንሸራታቾች 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1,600፣ 3,200 እና 6,400 ሄርዝ ላይ ናቸው፤ እያንዳንዱ እስከ 15 ዴሲቤል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ባንዱ በሚጫወትበት ድምፅ ልክ ሁሉንም መሀል ላይ አድርገህ ጀምር። 100ውን በ4 ዴሲቤል ገደማ፣ 200ውን በ3 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ አድርግ፣ 800ውን በ3 ገደማ ከፍ አድርግ። ከዚያ አንድ ሪፍ (አጭር የዜማ ሐረግ) እየደጋገምክ ተንሸራታቾቹን አንድ በአንድ እስከ ላይ ግፋቸው፤ ጆሮህ የሚጠላው ሲገኝ እሱን ከመሀል በታች 3 ወይም 4 ዴሲቤል አውርደው፣ የቀሩትን ወደ ነበሩበት መልሳቸው። መጨረሻ ላይ በሌቭል ማስተካከያው ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ ጩኸቱ እኩል እንዲሆን አድርግ። ይህን የሚዘል ሰው ራሱን ያታልላል፤ ከፍ ያለው ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና።

ለብቻህ ስትሰማው ድምፁ ቀጠን ያለና ትንሽ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ይሆንብሃል። አትንካው፤ ባንዱ ሲገባ ይሞላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ኢኳላይዘሩ ከዲስቶርሽን ፔዳሉ በፊት ይግባ ወይስ በኋላ? ሁለቱንም ሞከርኩ፣ ልዩነቱ ግን ግራ ገባኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራቸው የተለያየ ነው። ከዲስቶርሽኑ በፊት ካደረግሽው የሚለወጠው የትኛው ድምፅ በብዛት እንደሚቆራረስ (በዲስቶርሽኑ እንደሚሻከር) ነው፤ 100ውንና 200ውን ብትቀንሺ በመዳፍ ታፍኖ የሚመታው ወፍራም ክር ጠበቅ ብሎ ይሰማል፣ አይድበሰበስም። ቲዩብ ስክሪመር የተባለውን የዲስቶርሽን ፔዳል ብዙ ሰው ጌይኑን ዝቅ አድርጎ ከአምፕ በፊት የሚያስቀምጠውም ቤዙን ቀንሶ 720 ሄርዝ አካባቢ ስለሚያጎላ ነው። ከዲስቶርሽኑ በኋላ ካደረግሽው ደግሞ የተሠራውን ድምፅ ትቀርጪያለሽ፤ ለሶሎ ሌቭሉን ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ የሚሠራው እዚህ ነው።

ግራ የሚያጋባው ዲስቶርሽኑ የአምፑ የራሱ ሲሆን ነው። ያኔ ከአምፑ ፊት ያለ ኢኳላይዘር ሌቭሉ ቢጨመርም ድምፁ ከፍ አይልም፣ መቆራረሱ ብቻ ይብሳል። ‹በኋላ› የሚባለው ቦታ በአምፑ ጀርባ ያለው የኢፌክት ሉፕ (ከአምፑ ዲስቶርሽን በኋላ ፔዳል የሚሰካበት ጥንድ ሶኬት) ነው፤ ከሴንድ ወደ ኢኳላይዘሩ መግቢያ፣ ከመውጫው ወደ ሪተርን። እዚያ ላይ 3,200ንና 6,400ን ከፍ ስታደርጊ ‹ሽሽታው› አብሮ እንደሚያድግ እወቂ።

ጥያቄ፦ ባለ 10 ተንሸራታች ኢኳላይዘር ከባለ 7 አይሻልም?

መልስ፦ ለጊታር ብዙም አይሻልም። ባለ 10ው ኤምኤክስአር ከ31.25 ሄርዝ ተነስቶ በየእጥፉ እስከ 16,000 ይሄዳል። በመደበኛ ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር 82.4 ሄርዝ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከእሱ በታች ናቸው፤ የመጨረሻው ደግሞ ከስፒከሩ አቅም በላይ ነው። ለቤዝ ጊታርም የምትጠቀምበት ከሆነ ግን ዋጋ አለው። አንዲት የምትጮህ ድምፅ ለይተህ ማጥፋት ከፈለግህ ፓራሜትሪክ የተባለው የኢኳላይዘር ዓይነት ይሻላል፤ ድግግሞሹንም ስፋቱንም ራስህ ትመርጣለህ።

ጥያቄ፦ የአምፑን ቤዝ፣ ሚድልና ትሬብል ሁሉንም 5 ላይ ካደረግኩ ድምፁ ምንም ያልተነካ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። በፌንደር አምፕ ዓይነት የቃና ሰርኪት ሦስቱም 5 ላይ ሲሆኑ ሚድሉ አስቀድሞ ጎድጉዷል። ላልተነካ ድምፅ የሚቀርበው ሚድሉ 10 ሆኖ ቤዙና ትሬብሉ ዜሮ አጠገብ ሲሆኑ ነው። ሦስቱ እርስ በርስ ስለሚነካኩ አንዱን ስታዞር ሌሎቹን እንደገና አዳምጥ።

ጥያቄ፦ ፔዳሎቼን ሁሉ ስሰካ ‹ዊ› የሚል ቀጭን ጩኸት ይመጣል፤ ትሬብሉም ይሞታል።

መልስ፦ ሁለቱ የተለያየ ምክንያት አላቸው። ጩኸቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዲጂታል ፔዳልና ዲስቶርሽን አንድ አዳፕተር በቅርንጫፍ ገመድ ሲጋሩ ነው። ሁሉንም ንቀልና ጊታሩን በቀጥታ አምፑ ላይ ሰካ፣ ከዚያ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ ጨምር፤ ጩኸቱን ያመጣው ሲገኝ ለእሱ የተለየ መውጫ ስጠው። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት፣ መሀሉ ኔጌቲቭ ናቸው። ያ ባለ 10ው ኤምኤክስአር ግን በ18 ቮልት ነው የሚሠራው፤ አዳፕተሩን ለሌላ ፔዳል እንዳታውሰው፣ ሊቃጠል ይችላል።

ትሬብሉን የሚበላው ኬብሉ ነው። አንድ ሜትር ኬብል በግምት 100 ፒኮፋራድ ስለሚጨምር ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይደበዝዛል። ለማረጋገጥ በአንድ የ3 ሜትር ኬብል ብቻ ከአምፑ ጋር አነጻጽር። ልዩነቱ ጎልቶ ከተሰማህ ከጊታሩ ቀጥሎ ባፈር (ድምፁ በረጅም ኬብል እንዳይደበዝዝ የሚያጠነክር ሰርኪት) ያለው ፔዳል አስቀድም። ፈዝ (በጣም ሻካራ የዲስቶርሽን ፔዳል) ካለህ ግን ባፈሩን ከፈዙ በኋላ አድርገው፤ ብዙ ፈዞች ጊታሩን በቀጥታ ካላገኙ ድምፃቸው ይደርቃል።