ሳጥን ስለበዛ ድምፅ አይጠራም

ከጅማ የጻፍክልኝ ወንድሜ ሰላም ነው? ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኤሌክትሪካል 4ኛ ዓመት ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ሳውንድ እሰራለሁ፣ ደንበኛ ግን ድምፁ ጥርት አይልም እያለ ያማርራል ብለሃል። አጎትህ ደግሞ ዕቃህ ካልበዛ ማንም አያከብርህም፣ እህትህ ከቤሩት በላከችው ብር ኢኳላይዘር (ቀጭንና ወፍራም ድምፁን የሚያመጣጥን)፣ ኮምፕረሰር (ከፍታውን የሚቆጣጠር)፣ ማድመቂያ ምናምን የሚባሉ ሳጥኖች ግዛበት እያሉህ ነው።

አትግዛ። ወደ ምክር ስራ ከመምጣቴ በፊት ብዙ ዓመት የድምፅ ዕቃ ስጠግን ነው የኖርኩት፣ ተበላሸ ተብሎ ከሚመጣልኝ አምፕሊፋየር ስንቱ ደህና ሆኖ ችግሩ መሃል የገባው ሳጥን ወይ ኬብል ነበር መሰለህ።

ነገሩን አንተም ክፍል ተምረኸዋል እኮ። ከማይክ የሚወጣው ሲግናል በሚሊቮልት የሚለካ ነው፣ እሱን የሚያሳድገው የሚክሰሩ (የድምፅ መቀላቀያው) መጀመሪያ ላይ ያለው ጌይን የሚባለው ማሳደጊያ ነው፣ ስለዚህ እዛ ጋ ካሳነስከው፣ ኋላ ላይ ስትጨምር ሽሽ የሚለውንም ድምፅ አብረህ ታሳድጋለህ፣ እዛ ጋ ከልክ አልፎ ቀይ እያበራ የሲግናሉ ጫፍ ከተቆረጠ ደግሞ ከኋላው የትኛውንም ሳጥን ብትደረድር አይመልሰውም። የፕሮፌሽናል ዕቃ መደበኛ ሌቭል (የሲግናሉ መጠን) 1.23 ቮልት ነው፣ የቤት ዕቃ ግን 0.316 ቮልት አካባቢ ነው፣ ሁለቱን ዝም ብለህ ስትቀጥል የ12 ዲሲቤል ያህል ክፍተት ይመጣል፣ እሱን ለመሙላት ስትታገል ነው ድምፁ የሚቆሽሸው። ኮምፕረሰሩም ቢሆን ከፍ ያለውን ይጫናል፣ ከዛ ሌቭሉን መልሰህ ስታነሳው ዘፋኙ ዝም ባለበት ሰዓት ማይኩ ይከፈትና ማፏጨት ይጀምራል። ደግሞ ሚክሰሬ ዲጂታል ነው ብለሃል፣ ታዲያ ኢኳላይዘሩም ኮምፕረሰሩም ውስጡ አለልህ አይደል? ያለህን ነገር ሁለተኛ ልትገዛ ነው።

ሱቅ ውስጥ ማድመቂያው ሲከፈት ደስ ያለህ ብዙውን ጊዜ ድምፁ ከፍ ስላለ ነው፣ ጆሮ ከፍ ያለውን የተሻለ ያደርገዋል። ባይፓስ እያደረግክ (ድምፁ ሳጥኑን ዘሎ እንዲያልፍ) ከሳጥኑ ጋርም ያለሱም እኩል ከፍታ ላይ አድርገህ ስማ፣ ያኔ ትፈርዳለህ። በሚቀጥለው ስራህ ሁሉንም አውጣና ማይክ፣ ሚክሰር፣ አምፕ፣ ስፒከር ብቻ አስቀር፣ ዘፋኙን በጣም አስጩኸህ ጌይኑን አስተካክል፣ ከዛ አንድ አንድ እያልክ መልስ።

እምምም ይላል ያልከው ድምፅ ደግሞ ከ50 ኸርዝ መብራት የሚመጣ ነው፣ ሚክሰሩና አምፑ ከተለያየ ሶኬት ሲነሱ በኧርዝ (ከመሬት በሚያገናኘው የደህንነት ሽቦ) በኩል ይዞራል። ከአንድ ማከፋፈያ አስነሳቸው፣ ባላንስድ ኬብል (ሲግናሉን በሁለት ሽቦ ይዞ የውጭ ጩኸት የሚያጠፋውን) ተጠቀም። የፕለጉን የኧርዝ እግር ቆርጬ እምምታውን አጠፋሁት ያልከውን ግን ዛሬውኑ መልስ፣ ማይክ የያዘ ሰው ሊሞትብህ ይችላል! ሁሉም ሳጥን ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፣ ለኪቦርድ ትራንስፎርመር ያለው ጥሩ ዲአይ ቦክስ (የኪቦርዱን ሲግናል ወደ ባላንስድ የሚቀይር) ብትገዛ እደግፍሃለሁ፣ እሱ የሚፈታው የታወቀ ችግር አለውና።

አጎትህን አከብራለሁ፣ ግን ብሩ የሳቸው አይደለም። ሰው ቤት ውላ አድራ የላከችውን ብር ሰርገኛ እንዲያይልህ መደርደሪያ ላይ ልትደረድረው? ከሷ ብር ጥሩ ኬብል፣ መልቲሜትርና መበየጃ ግዛ፣ የተረፈውን ለራሷ መልስላት። ጥገና የሚችል ሳውንድማን ክረምት ሰርግ ሲቀዘቅዝም ስራ አያጣም፣ የመመረቂያ ፕሮጀክትህንም በዚሁ ላይ ብታደርገው ጥሩ ነው።

አባትህ የሚሉትን የመንግስት ስራ ካገኘህ ያዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድህን አይነካብህም። አዲስ አበባ ልሂድ ወይ ያልከውን ነገር ከምርቃት በኋላ እናወራለን። አሁን የኬብሎችህን ዓይነትና ሁሉንም በምን ቅደም ተከተል እንደምትቀጥል በወረቀት ስለህ ፎቶውን ላክልኝ።