ለአሜሪካ የኢንቨስተር ቪዛ መቶ ሺህ ዶላር ባንክ ማስገባት ይበቃል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ፤ የምተዳደረውም በእህል ንግድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ እንጀራ መጋገሪያ አብረን እንክፈት ብሎኛል። እሱ የአሜሪካ ዜግነት አለው፤ 60 በመቶው የእሱ፣ 40 በመቶው የእኔ እንዲሆን ተስማምተናል። ያማከርኩት ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ «ድርጅቱን አስመዝግበሽ መቶ ሺህ ዶላር ባንክ ካስገባሽ ቪዛው አለቀ» አለኝ። ለዚሁ ብዬ ቤቴን ሸጫለሁ። ምን ልጠንቀቅ?
ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቤትዎን ከመሸጥዎ በፊት ቢጽፉልን ኖሮ መልካም ነበር፤ ቢሆንም አልረፈደም። የሚያመለክቱበት ቪዛ ኢ-2 የሚባለው ሲሆን፣ የሚሰጠውም ከአሜሪካ ጋር ውል ላላቸው አገሮች ዜጎች ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ውል ምክንያት ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት፤ ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ ይህ ዕድል የላትም።

ከሁሉ አስቀድሞ ድርሻው ይታረም። ከድርጅቱ ቢያንስ ግማሹ በውል አገሩ ዜጎች እጅ መሆን ስላለበት፣ በ40 በመቶ ማመልከት ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው። የአክስትዎ ልጅ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ሳይለቅ ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ቢሆን ኖሮም ውጤቱ ያው ነበር፤ የቋሚ ነዋሪ ድርሻ ለዚህ ስሌት አይቆጠርምና። እኩል ብትካፈሉ ይቻላል፤ ነገር ግን ያለ እርስዎ ስምምነት ውሳኔ እንደማያልፍ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ቪዛው የሚሰጠው ንግዱን ለሚመራ ሰው ነው። ዘመድ ነው ተብሎ በቃል የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ስለ መቶ ሺህ ዶላሩ የተነገረዎት ስሕተት ነው። ሕጉ ዝቅተኛ መጠን አልወሰነም፤ የሚመዘነው ገንዘቡ ለንግዱ ዓይነት በቂ መሆኑ፣ ደግሞም ለኪሳራ ተጋልጦ ሥራ ላይ መዋሉ ነው። ባንክ ተኝቶ፣ ባለቤቱ ባሻው ቀን ሊያወጣው የሚችል ገንዘብ ኢንቨስትመንት አይባልም። የተፈረመ የኪራይ ውል፣ የምጣድና የሊጥ ማቡኪያ ደረሰኝ፣ ለግንባታው የተከፈለ ቀብድ ግን ይባላል።

የአገራችንን ሰው በብዛት የሚያሰናክለው የገንዘቡ ምንጭና የመጣበት መንገድ ነው። አንድ ያየሁት ፋይል ላይ የቤት ሽያጩ ውል ሐምሌ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመ ነበር፤ ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ «ጁላይ 12፣ 2015» ብሎ ጻፈው። ገንዘቡ ባንክ የገባው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ስለሆነ፣ በወረቀቱ መሠረት የቤቱ ዋጋ ስምንት ዓመት የት እንደከረመ የሚያስረዳ ጠፋ። ትክክለኛው ቀን ጁላይ 19፣ 2023 ነበር። የባሰው ደግሞ በውሉ ላይ የሰፈረው ዋጋ ለግብር ሲባል 3 ሚሊዮን ብር ተደርጎ፣ ሒሳቡ ውስጥ የገባው 9 ሚሊዮን መሆኑ ነው። የቀኑ ስሕተት በአዲስ ትርጉም ይቃናል፤ 6 ሚሊዮኑ ግን በምን ይቃናል? የእርስዎም ውል እንዲህ ከሆነ፣ ከማመልከትዎ በፊት የግብር ባለሙያ ያማክሩ።

ብሩ ዶላር የሆነበት መንገድም ይጠየቃል። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ቢደረግም፣ ካፒታል ከአገር ማውጣት አሁንም የብሔራዊ ባንክን ፈቃድ ይጠይቃል። እዚህ ብሩን ለአንድ ሰው አስረክቦ እዚያ ዶላሩን በዘመድ ማስቀበል ሕግ መጣሱ ሳያንስ፣ የገንዘቡን ሰንሰለት መሐል ላይ ይበጥሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የእርስዎ ስለመሆኑ የሚመሰክር ወረቀት አይኖርም።

የንግድ ዕቅዱን ከሌላ ሰው አይቅዱ። ድርጅቱ እርስዎንና ቤተሰብዎን ከማኖር ያለፈ ገቢ እንደሚያስገኝ፣ አለዚያም በአምስት ዓመት ውስጥ እዚያ እንደሚደርስ ማሳየት አለበት። ቆንስሉ «ጤፉን ከየት ታመጫለሽ?» ቢልዎ፣ አገራችን ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ መላክን ለረጅም ዓመታት ከልክላ እንደኖረች የማያውቅ ዕቅድ እዚያው ያጋልጥዎታል፤ የእህል ነጋዴ ሆነው በዚህ ቢወድቁ ደግሞ ያሳፍራል። ጤፍ አይዳሆ ውስጥም ይመረታልና ዋጋውን ጠይቀው ዕቅዱ ውስጥ ያስገቡት።

ኢ-2 በራሱ ወደ ግሪን ካርድ አይወስድም፤ የቆይታዎ መብት ሲያበቃ ከአሜሪካ ለመውጣት ፈቃደኛ መሆንዎን ማረጋገጥ ይጠበቅብዎታል። ግሪን ካርድ የሚያስገኘው ኢቢ-5 ከ800,000 ዶላር ጀምሮና 10 የሙሉ ጊዜ የሥራ ቦታ የሚጠይቅ ሌላ መንገድ ነው።

ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ እንዳይቀልጥ ከሰጉ፣ የሚሠራ መጋገሪያ መግዛትን ያስቡበት። ክፍያው በሦስተኛ ወገን የአደራ ሒሳብ፣ ኤስክሮ በሚሉት፣ ተይዞ ቪዛው ሲሰጥ ብቻ ለሻጩ እንዲለቀቅ መዋዋል ይፈቀዳል። ውሉ ላይ ቅድመ ሁኔታው ቪዛው መሰጠቱ ብቻ ይሁን፤ ሻጭም ሆነ ገዢ እንዳሻው ሊያፈርሰው የሚችል አንቀጽ ከገባበት ገንዘቡ ሥራ ላይ እንደዋለ አይቆጠርም።