ሐኪሙ «ትውጣ» ካለ በኋላ ያደረችበትን አልጋ ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ሐሙስ ጠዋት እናቴ እንድትወጣ ጻፈላት። ከሆስፒታሉ የወጣነው ግን እሑድ ነው። አሁን የሦስቱን ሌሊት የአልጋ ሒሳብ ክፈሉ ተባልን። ያዘገዩን እነሱ ናቸው። የመክፈል ግዴታ አለብን?

መልስ፦ ሆስፒታሉ በራሱ ምክንያት ያዘገየውን ሌሊት አትከፍሉም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እናንተ ያዘገያችሁትን ትከፍላላችሁ። ዝርዝሩን ስትገቡ የፈረማችሁት ቅጽና የአገሩ ሕግ ይወስኑታል። ቅጹን ሳላይ ከዚህ በላይ አልሄድም።

ሐሙስን ነገሩኝ፣ እሑድንም ነገሩኝ። ዓርብና ቅዳሜ የት ገቡ? እናትዎ ቤት ኦክስጅን ያስፈልጋቸው ነበር? «ወንድሜ እስኪደርስ አንድ ሌሊት ትቆይልን» ያለ ሰው የለም? ካለ ለጠበቃዎ አይደብቁ፤ ሆስፒታሉ መጀመሪያ የሚያወጣው ያንን ቃል ነው።

ሰዉ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በኮሪደር ለነርሷ የተነገረ ቃል የነርስ መከታተያ ቅጽ ላይ «ቤተሰብ ስላልተዘጋጀ ቆይታለች» ተብሎ ከነሰዓቱ ይሰፍራል። መድኃኒት ቤቱ ያዘገየውን፣ የሕክምና ማጠቃለያውን የሚፈርም ሐኪም የጠፋበትን ግማሽ ቀን ግን ማንም አይጽፈውም። እንዲህ ሆኖ ቤተሰቡ የለመነው አንድ ሌሊት ሦስቱንም ይጎትታል። መፍትሔው ሌሊቱን አንድ በአንድ መለየት ነው። ሐኪሙ የመውጫ ትእዛዝ የጻፈበትን፣ የሕክምና ማጠቃለያው የተፈረመበትን፣ ቤት የሚወሰደው መድኃኒት የተሰጠበትንና ሒሳብ ክፍል የመጨረሻውን ሒሳብ ያወጣበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ። ማጠቃለያው የተፈረመው ዓርብ ከሰዓት ከሆነ፣ የሐሙስን ሌሊት ወደ እናንተ ማዞር ይከብዳቸዋል። እናንተ ለቤት የምታመጡት ኦክስጅን የደረሰው ቅዳሜ ማታ ከሆነ ደግሞ፣ ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ያለው ሌሊት የእናንተ ነው፤ አይከራከሩበት። ቀኑ ከስንት ሰዓት እንደሚቆጠርም ይዩ፦ ብዙ ሆስፒታሎች እኩለ ሌሊት ላይ ሰው የተኛበትን አልጋ ይቆጥራሉ፣ የመውጫ ሰዓት በቅጹ የሚወስኑም አሉ። በነዚያ ቀናት ሐኪም ሳይጎበኛቸው የሐኪም ጉብኝት ተደምሮ እንደሆነም መስመር በመስመር ያጣሩ።

ደግሞ፣ ፈርመዋል እንዴ? «ሒሳቡን አምኜ ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ሰው ለመውጣት ሲቸኩል ዝም ብሎ ይፈርማል። ገና ካልፈረሙ፣ የማይከራከሩበትን ከፍለው ደረሰኝ ይያዙ። የቀረውን መክፈል ግድ ከሆነ ከፊርማዎ በላይ «የአልጋውን ሒሳብ በመቃወም፣ መብቴን ጠብቄ የከፈልኩ» ብለው በእጅዎ ይጻፉ። ከሐኪም ምክር ውጭ የሚወጣ ሰው የሚፈርመውን «በራሴ ፈቃድ ወጣሁ» የሚለውን ቅጽ ግን ሐኪሙ ራሱ አስወጥቷቸው ሳለ አይፈርሙ፤ በኋላ ሕመሙ ቢያገረሽ ሙግቱ ከአልጋ ሒሳብ ያልፋል። ስትገቡ በዋስነት የፈረመ ዘመድ ካለም ይንገሩን፤ ጥያቄው ወደ እሱም ሊዞር ይችላል።

አቤቱታዎን ለሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቀሪውን ኮፒ «ደርሶናል» አስብለው፣ ማኅተም አስመትተው ይያዙ። ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ የመግቢያ ቅጹን፣ ዝርዝር ሒሳቡንና ደረሰኙን ይዘው ይሂዱ። ዓርብ የሆነውንም ሳይረሱ ዛሬውኑ በወረቀት ያስፍሩት።